ጎማ ጥላ መርጦ ይፈነዳ በነበረበት ዘመን

እስቲ እናንተ የዕድሜ ጓዶቼ ፍረዱኝ። ከጎንደር ተነሥቶ፣ በአዘዞና በአይከል አድርጎ፣ ገንዳ ውኃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ለመድረስ፣ ከዚያም ድልድዩን ተሻግሮ ገላባት፣ ከገላባት ገዳሪፍ ለመግባት ሰው ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ይደፋል? የልጅ ልጄ ቡናና ዝንጅብል ጭኖ ማዶ ሊሻገር ነው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሙያዬን ወረሰልኝ ብዬ። ሄጄ ባየው ግን መኪናው ሥር ገብቶ ግሪስ መቀባት የሚገባው ልጅ ኮምፒውተር ከፍቶ ሠንጠረዥ ያሰምራል። «ምን እየሠራህ ነው?» ብለው «አባባ፣ የጉዞ ዕቅድ ነው» አለኝ። ዕቅድ! እኔ ዕቅድ የማውቀው በደርግ ጊዜ ነው፤ የዐሥር ዓመቱን መሪ ዕቅድ። እሱም ዐሥር ዓመቱን ሳይደፍን ቀረ።

መንገዱ ያው አንድ ነው። አፍንጫን ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ማዞር ነው። ከጎንደር መተማ 200 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከገላባት ገዳሪፍ 150 ግድም። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር ምን ይሠራል?

በእኛ ዘመን ዕቅድ የሚሉት ጣጣ አልነበረም። ሌሊት ዐሥር ሰዓት ተነሥቶ፣ አማትቦ፣ የኤንትሬውን ሞተር መቀስቀስ ነው፤ በቃ። ኤንትሬ ያልኩት ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ የዛሬ ልጆች ፎቶውን ሲያዩ ይስቃሉ። ይሳቁ! ያ መኪና የጭልጋን ዳገት ሲወጣ ረዳቱ ከጋቢና ወርዶ፣ ከመንደር ጠላ ቀምሶ፣ በእግሩ ቀድሞት ዳገቱ ራስ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር። እንዲህ ያለ እርጋታ ዛሬ የታለ? ሞተሩ ሲግል ሁለት ሰዓት ይቆማል፣ ሰውም አብሮ ያርፋል፣ ቡና ይፈላል፣ ወግ ይጠረቃል። ዛሬ ሲኖትራኩ በአጠገብህ ሽው ሲል የታርጋውን ቁጥር ለማንበብ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ሕዝቡ ቀይ ሽብር ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም።

ጎማውም ጨዋ ነበር። ቢፈነዳ እንኳ ጥላ መርጦ፣ ግራር ሥር ደርሶ ነበር የሚፈነዳው። ዝናቡ በቀኑ ይመጣል፣ በቀኑ ይሄዳል። የመተማ ወባ ራሱ እንግዳን ሰው ሁለት ቀን አሳርፎ ነበር የሚይዘው። ሽፍታውንማ አታንሡት! መንገድ ዘግቶ ሲያስቆምህ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል፣ የቤተ ሰብህን ደኅንነት ይጠይቃል። አንዱ፣ ረዳት ሳለሁ፣ የአለቃዬን የሾፌሩን የእጅ ሰዓት ፈትቶ ከወሰደ በኋላ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ነግሮን መልካም መንገድ ብሎ አሰናበተን። የዛሬ ሌባ እንዲህ ያደርጋል?

እርግጥ ነው፣ ዝም ብለን አንወጣም ነበር። ሁለት ተቀያሪ ጎማ፣ ከነቸርኬው፤ አንድ ባሌስትራ፣ ሁለት ቺንጊያ፣ ክሪክ፣ ታኮ፣ ሸራ፣ ገመድ፣ የመኪናውና የሰው ውኃ በየጀሪካኑ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ የወባ ኪኒን። ይህ ካልተሟላ አለቃዬ ቁልፉን ከኪሱ አያወጣም። በየትኛው ወንዝ ዳር ቀትርን እንደምናሳልፍ፣ የት እንደምናድር፣ የትኛው መንደር ጎማ ጠጋኝ እንዳለው፣ የትኛው ሆር፣ በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚፈሰው ወንዝ፣ ማታ ሞልቶ ጧት እንደሚጎድል በቃላችን ነበር። ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ከገላባት ማዶ ያለውን ጥቁር አፈር የሚደፍር የለም፤ ኸሪፍ ነው፣ የእነሱ ክረምት፣ ጎማው እስከ አክስሉ ገብቶ ይቀራል። አለቃዬ በሰኔ መጨረሻ መኪናውን ጎንደር አስገብቶ ሸራ ያለብሰው ነበር። ይህ ሁሉ ግን ዕቅድ አልነበረም። አስተዋይነት ነው። ልዩነቱን ለዛሬ ልጅ ማን ያስረዳው!

አሁን ልጁ የዘረገፈውን ወረቀት ብታዩ። ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ዲክላራሲዮን፣ የጭነት ዝርዝር፣ ፓስፖርት፤ እንደ ሙሽራ ጥሎሽ አልጋው ላይ ተዘርግቷል። ቢጫ ካርድ ብቻ ሁለት አለው። አንዱ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ነው፣ የሰውየው። ሌላው የኮሜሳ ነው፣ የመኪናው። ይህ የመኪናው በ1979 ዓ.ም. አገሮች አዲስ አበባ ላይ ተፈራርመው ያወጡት ነው፤ ኢትዮጵያም ሱዳንም አሉበት። እዚህ በብርህ ትገዛዋለህ፣ ማዶ ሄደህ የሰው ግመል ብትገጭ እዚያ ያለው መድን ስለ አንተ ይከፍላል። እኔ የምለው፣ መድን ለምን? በእኛ ጊዜ ጉዳት ከደረሰ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌው ሦስት ሳምንት ይበላል፣ ይጠጣል፤ መኪናው እዚያው ይቆማል፣ እህሉ ይነቅዛል፤ በመጨረሻ ከፍለህ፣ ተላቅሰህ፣ ታርቀህ ትሄዳለህ። ፍቅር ነበር! ዛሬ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አልቆ ሰው ሳይተዋወቅ ይለያያል።

ወረቀት አልወድም። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የቆረጥኩት ደረሰኝ ሁሉ በቆርቆሮ ሳጥን ተቆልፎ አልጋዬ ሥር አለ፤ አንድም አልጠፋብኝም። የልጅ ልጄ ግን የሁሉንም ቅጂ በስልኩ ይዞ ይዞራል። ስልኩ ቢሰረቅስ? «ሌላ ቦታ ተቀምጧል አባባ፣ ሰማይ ላይ» ይለኛል። ሰማይ ላይ! የእኔ ሳጥን ቢያንስ አልጋ ሥር መሆኑ ይታወቃል።

ማዶ ያለው ፖሊስ በበኩሉ በእኛ ዘመን አቆጣጠር አያምንም። ቦሎው ላይ 2018 የሚል ካየ፣ በእሱ ቤት 2026 ነውና፣ «ያ ሐበሻ፣ ይህ ስምንት ዓመት አልፎታል» ብሎ መኪናህን ዳር ያስይዝሃል። እኔ እንዲህ ሲለኝ ስምንት ጣት አውጥቼ፣ ወደ ሰማይ ጠቁሜ፣ ራሴን ነቅንቄ አስረዳዋለሁ፤ ፀሐይ እስክትገባ እንግባባለን። ልጁ ግን በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈ፣ በዐረብኛ የተተረጎመ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አስቀድሞ አሠርቷል። ፖሊሱ አንብቦ፣ ፈገግ ብሎ «ተፈደል» ይለዋል፤ እለፍ ማለቱ ነው። በአምስት ደቂቃ! ታዲያ ጉዞ ማለት ይሄ ነው? ከሰው ጋር ሳትጨቃጨቅ ያለፍከው ኬላ ምን ትዝታ ይተውልሃል?

ከዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ የሰዓቱ ይብሳል። ሱዳን ቀድሞ ከእኛ ጋር እኩል ትቆጥር ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰችው። እንግዲህ መተማ ላይ ጧት ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ፈረንጁ ዘጠኝ የሚለው ማለት ነው፣ ድልድዩን ስትሻገር ስምንት ይሆናል። ከእኛ ሦስት ወደ እነሱ ስምንት! የድልድዩ ርዝመት እኮ ሰው ተጣርቶ የሚሰማማበት ነው። ሾፌሩ ከእኛ ጉምሩክ በሰዓቱ ወጣሁ ብሎ ሲሮጥ ማዶ ያለው ጉምሩክ ገና ሻይ አልጠጣም። ማታ ደግሞ እነሱ ገና ሥራ ላይ ሳሉ የእኛው ቤቱን ዘግቶ ይሄዳል። ዓርብ እነሱ የሉም፤ ቅዳሜም እነሱ የሉም፤ እሑድ እኛ የለንም። ረመዳን ሲገባ የሥራ ሰዓቱ ያጥራል፤ የእኛ ዓመት በዓል ሲመጣ እኛ እንጠፋለን። ከባድ መኪና ጭነህ ሐሙስ ማታ ድንበር ከደረስክ እስከ ሰኞ በመተማ ሙቀት ጎማህን እየቆጠርክ መቀመጥ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ በሠንጠረዡ አስገብቶ ቀይና አረንጓዴ ቀባብቶታል። እኔ ይህን ለማወቅ ቀለም አያስፈልገኝም፤ የሱዳንን በዓላት ከልጅነቴ ጀምሮ በደብተር ጽፌ ይዣቸዋለሁ።

ደግሞ ስለ ሕግ ያወሩልኛል። ረዳት ሳለሁ ድልድዩ ላይ የነበረውን ነገር ቢያዩ ምን ይሉ ነበር! ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግራለች፤ ሱዳን እስከ 1965 ድረስ በግራ ትነዳ ነበር። በመካከሉ ባለው ጊዜ የተሻገረ ሰው እኩሌታው ላይ ሲደርስ ጎን ይቀይራል። ከማዶ የሚመጣው ቤድፎርድም ያንኑ ያደርጋል። ምልክት የለ፣ መብራት የለ፣ ፖሊስ የለ! ግን አንድም ሰው አልተጋጨም፤ ምክንያቱም መኪና የሚያልፈው በሳምንት አንዴ ነበር።

ሚዛኑን ላንሣ። ዛሬ የፊተኛው እግር ከ8 ቶን፣ ነጠላው የኋላ አክስል ከ10 ቶን እንዳያልፍ ተብሎ ሚዛን ጣቢያ ላይ መኪናውን እግር በእግር ይመዝኑታል። ትርፍ ከተገኘ መቀጫ፣ ማራገፍ፣ ንትርክ። ልጁ ጎንደር ሳለ ጭነቱን ወደፊት ግማሽ ሜትር ያስገፋል፣ ወደኋላ ያስመልሳል፤ ሃማሎቹ ሊያብዱ። እኔ አለቃዬን አየሁት፤ ሚዛን አይቶ አያውቅም። ባሌስትራውና ሻንሲው መካከል ጣቱን ያስገባል፤ አራት ጣት ከገባ ሂድ፣ ሁለት ጣት ብቻ ከገባ አውርድ። ኤንትሬው ላይ ከሰማንያ ኩንታል በላይ ሲጭኑበት አንድ ባለ ሱቅን ከነሰሊጡ መንገድ ላይ ጥሎት ሄዷል። ጭነቱ ወደኋላ ከከበደ መሪው ይቀልላል፣ ወደፊት ከከበደ ቁልቁለት ላይ ይገፋሃል እያለ ነጋዴውን ያስተምር ነበር። ያ ሰው ያለ አንድ ወረቀት፣ በጣቱ ብቻ መንገድና ድልድይ ጠብቋል። ዛሬ ለዚያ ለጣቱ ሥራ ስንት ሠራተኛ ደመወዝ ይበላል!

ቁልቁለት ካልኩ አይቀር። ጎንደርና ጭልጋ ደጋ ናቸው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ፤ መተማ ወርዶ 700 ሜትር ግድም ነው። ያ ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም፤ ፍሬን ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ይከዳል። በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ ይህ የሾፌር ጸሎተ ሃይማኖት ነው። አሁን መንግሥት የፍጥነት መገደቢያ የሚሉት ዕቃ ይግጠሙ ይላል፤ ሰውን ንቀው! እኔ አንድ ቀን እንኳ ከዐርባ ያለፍኩበት ቁልቁለት የለም። አለቃዬ ከፔዳሉ ሥር እንጨት አስገብቶብኝ ስለነበር ማለፍም አይቻልም። በገዛ ፈቃዴ ነው እንግዲህ ያከበርኩት።

ቆላ ስትገባ ደግሞ ጎማው ይነፋል፤ ደጋ ላይ ልክ የነበረው አየር ታች ሙቀቱ ሲያገኘው ያብጣል። ልጁ ጎማው ውስጥ መለኪያ አስገብቶ በስልኩ ያነበዋል። እኛ በመዶሻ መታ አድርገን ድምፁን እንሰማለን። የሱ ስልክ እንዲያው ጮኾ ያስደነግጣል፤ የእኛ መዶሻ ግን ካልመታኸው አይናገርም።

ስለ ስልክ ካርታማ ባላነሣ ይሻለኝ ነበር። አንዱ ጎረምሳ ገዳሪፍ ሆኖ ወደ አገሩ ሊመለስ «መተማ» ብሎ ቢያዝዘው፣ ስልኩ ከካርቱም ሰሜን፣ ዓባይ ዳር፣ ሸንዲ ፊት ለፊት ወዳለችው መተማ ሊወስደው ተነሣ! ለካ ሁለት መተማ አሉ። የእኛዋ አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት፣ ስማቸውን የያዘችው ናት፤ ስልኩ ይህን ከየት ያውቃል? ጓንግን ያልጠጣ፣ ጓንግ ድንበር ተሻግሮ አትባራ እንደሚባል ያልሰማ ዕቃ መንገድ መሪ ይሆናል? እኔ ሰው ነው የምጠይቀው። ሦስት ሰው እጠይቃለሁ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ከመለሱ እሄዳለሁ። እርግጥ አሁን አሁን ሰው ስለማይገኝ የሾፌሮች ቴሌግራም ላይ ገብቼ እጠይቃለሁ። ልጆቹ ፈጥነው ይመልሳሉ፤ የትኛው ኬላ እንደተዘጋ፣ የሰሊጥ ዋጋ ገዳሪፍ ስንት እንደገባ። ድምፄን ቀድቼ ምክር እልክላቸዋለሁ። ረጅም ነው ይላሉ። ጥሩ ምክር አጭር ይሆናል እንዴ?

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ነው፤ እሱም ከባድ መኪና ይነዳል፤ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር። እዚያ ያሉ የእኛ ልጆች ብዙዎቹ ይህንኑ ሥራ ይዘዋል። ሲደውልልኝ አዘንኩለት። መኪናው ውስጥ የሚቆጥር ማሽን አለ፤ በ2010 ዓ.ም. ነው ግዴታ ያደረጉት። ዐሥር ሰዓት ካረፍክ በኋላ 11 ሰዓት ብቻ መንዳት፣ ያም ሥራ ከጀመርክ በ14 ሰዓት ውስጥ፤ ስምንት ሰዓት ከነዳህ ግማሽ ሰዓት ቁም። ጠቅላላ ክብደቱ ከ36 ቶን እንዳያልፍ፣ ቁመቱም ከአራት ሜትር ብዙ እንዳይበልጥ፤ ድልድዩ ጣራህን ይገሽልጠዋልና። ለቤት መኪና የሚሠራው ካርታ ለከባድ መኪና አይሆንም፤ የድልድዩን ከፍታ አይነግርም አለኝ። «ልጄ» አልኩት «ተኛ ሲልህ የምትተኛ፣ ተነሣ ሲልህ የምትነሣ፤ ትልቅ ሰው ነህ ወይስ ሕፃን?» እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያዘዘኝ ማሽን የለም። አለቃዬ ብቻ ነበር፤ ቀትር ሲሆን መኪናውን ግራር ሥር አስገብቶ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ «ፀሐይ እስክታዘነብል የሚነቃ ሰው ቢኖር በክሪክ ነው የምመታው» ይል ነበር። ያ ነፃነት ነው።

ዕቅድ እንደማይጠቅም ታሪክም ይመሰክራል። በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ስሊም የሚባል የእንግሊዝ ብርጋዴር እዚሁ ገላባት ላይ ጣሊያንን ሊወጋ መጣ። መድፍ ነበረው፣ ታንክ ነበረው፣ አውሮፕላን ነበረው፣ ካርታ ነበረው። የገላባትን ምሽግ ያዘ። ታንኮቹ ግን በገላባት ድንጋይና ፈንጂ ሰንሰለታቸው ተበጣጠሰ፣ የጣሊያን አውሮፕላን ደግሞ ከላይ ወረደበት፣ ድንበሩ ላይ ያለውን ሆር ተሻግሮ መተማን ሳይይዝ ተመለሰ። ይኸው ሰው በኋላ በርማ ድረስ ዘምቶ ጃፓንን ድል አድርጓል፤ ፊልድ ማርሻልም ሆኗል። ጃፓንን ያሸነፈ ሰው መተማ መግባት አቃተው! ሰንሰለት ተቀያሪ አልያዘም እንዴ? ተቀያሪ ሳይዝ የሚወጣ ሰው ምን ዓይነት ሾፌር ነው?

የማላሾፍበት ነገር አለ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማዶ እሳት ነው። በዚህ ድልድይ ላይ ጭነት ሳይሆን ሰው ነው የተሻገረው፤ ሕፃን ያዘሉ፣ ፍራሽ የተሸከሙ፣ ሻይ ያጠጡን የነበሩ ሰዎች፤ ኩመርና አውላላ ድንኳን ተተክሎላቸው ተቀመጡ። ከገዳሪፍ በወድ መደኒ ካርቱም የሚያገባው መስመር በታኅሣሥ 2016 መደኒ ስትያዝ ተዘጋ፤ ጦሩ ከተማዋን ያስመለሰው በጥር 2017 ነው። ፖርት ሱዳን እንኳ፣ ሩቅ ናት ስትባል፣ በ2017 ሚያዝያ መጨረሻ በድሮን ነዳጇ ጋየ። በእኛም በኩል መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። ልጁ ከሠንጠረዡ ጎን አንድ ዓምድ ጨምሯል፤ «ዛሬ ማን አለ፣ ማንን ልጠይቅ» የሚል። እዚያች ላይ ምንም አላልኩትም። እንዲያውም በየኬላው የማውቃቸውን ሽማግሎች ስም አስጻፍኩት።

ይኸው ሄደ። መድረሱን እንዲነግረኝ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ተቀምጫለሁ፤ ያ የሰማዩ ዕቃ መኪናው የት እንዳለ እንዲያሳየኝም አስጭኖልኛል። ነጥቧ ከአይከል ወርዳ ቆማለች። ቀትር ነው፤ ማረፉ ይሆናል። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆመ ግን እደውላለሁ።

እናንተ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁ ወደዚህ መስመር የሚወጡ ከሆነ የዕቅዱን ወሬ ተዉትና አንድ ነገር ብቻ ንገሩልኝ። ሰኞ ከጎንደር ይነሡ፣ ረቡዕ ጧት መተማ ላይ ይገኙ፤ በእነሱ ሰዓት ከስምንት በፊት ድልድዩ አፍ ላይ ይሰለፉ። ሁለቱንም ቢጫ ካርድ ይያዙ፣ ሁለት ተቀያሪ ጎማ ከነቸርኬው። ሐሙስ ማታ ደርሶ «ለምን ተዘጋ» የሚል ልጅ ግን የእኔን ስም እንዳይጠራ።